ስቴሽኗን ልግዛት ወይስ ልተዋት?

ዛሬ ኮምቦልቻ ወርጄ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ስቴሽን አይቼ መጣሁ። በፈረንጅ የ1982 ሞዴል ናት። ደላላው "እንደ አዲስ ናት" ይለኛል፤ እኔን በዕድሜ ትበልጠኛለች እኮ!

እውነት ለመናገር ልቤን የወሰደው የኋላዋ ነው። ወንበሩ ሲታጠፍ ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ የልጆቹ ቦርሳና የእናቴ ዶሮ ሳይቀር ይገባል። ከኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ስለሆነች ጭነት አትፈራም። ዋጋዋም እጄ ይደርሳል፤ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ይህን ማለት ቀላል አይደለም።

ግን እኔ በየቀኑ የምመላለሰው ከደሴ ኮምቦልቻ ነው። በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። መካኒክ ይዤ ሽቅብ ሞከርናት፤ ገና ግማሽ ሳንደርስ ትንፋሿ አጠረ፣ የሙቀቱ ቀስትም መውጣት ጀመረ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ እንዲህ ያለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፣ ካርቡሬተሩ ካልተስተካከለ ደግሞ ቤንዚኑ በዝቶባት ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይዘን ወረድን፤ ፍሬኗን አላመንናትም።

ከሁሉ የገረመኝ መካኒኩ ነው። ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ከበሩ ስር ሲያስጠጋው አልይዝ አለ። ለካ ቆርቆሮ ሳይሆን ማግኔት የማይስበው ስቱኮ፣ የቀዳዳ መሙያ ልጥፍ ነው! ደላላው ወዲያው ስልክ ተደወለለት። (ስልኩ ግን ሲጠራ አልሰማሁም።)

ባለቤቴ "በታክሲ ተመላለስ" ብላለች። እስከ ቅዳሜ ቀጠሮ አለኝ፣ ወለሏን ከስር ሳላይ ብር አላወጣም።

ስቴሽን የያዛችሁ የደሴ ልጆች፣ ሐረጎን ስንት ጊዜ ውሃ ጨምራችሁ ነው የምትወጡት?