ደም ከመታየቱ በፊት ያለው ሳምንት

ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ ሱቅ ገብታ ሞዴስ የምትጠይቅ ልጅ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ባለሱቁም በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ያቀብላታል። ይህ መደባበቅ የሚያስቸግረው የወር አበባው ደም ሲመጣ ብቻ ይመስለናል። እኔ ግን አብዝቶ የሚጎዳው ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ነው እላለሁ።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ይታወቃል። እንቁላል ከወጣች በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፤ እርግዝና ካልተፈጠረ ኤስትሮጅን ከተባለው ሌላ ሆርሞን ጋር ይወርዳል። ያኔ ጡት ያማል፣ ሆድ ይነፋል፣ እንቅልፍ ይዛባል፣ በትንሽ ትልቁ ሆድ ይብሳል። ብዙዎች ላይ ደሙ ሊመጣ 5 ወይም 7 ቀን ሲቀረው ይጀምርና ደሙ ከታየ በኋላ በጥቂት ቀናት ይለቃል።

በዚህ ላይ ስጋቱ ይደረባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካኑ ባዶ ሳለ ቢመጣብኝስ? ታክሲ ሰልፍ ላይ ቀሚሴ ቢበላሽስ? ለኪዳነ ምሕረት ቢደርስብኝና ቤተ ክርስቲያን ሳልገባ ከውጭ ብቆም ሰው ምን ይላል? ሙስሊሟም በረመዳን መጾም እንደሌለባት እያወቀች፣ ወንድሞቿ እንዳያዩዋት ተደብቃ የምትበላበትን ቀን ቀድማ ትሰጋለች። ስጋት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፤ ከሆርሞኑ ለመለየት ያስቸግራል።

በ1977 እ.ኤ.አ. ዳያን ሩብል የተባለች ተመራማሪ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣችው ጥናት ይህን ያሳያል። የወር አበባቸው ሊመጣ ሳምንት ገደማ ከቀራቸው ሴቶች መካከል “ሊመጣብሽ አንድ ሁለት ቀን ነው የቀረሽ” የተባሉት፣ ገና ነው ከተባሉት የበለጠ ሕመምና የሰውነት ማበጥ እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ የምንጠብቀው ነገር በሚሰማን ላይ ይጨምርበታል ማለት ነው።

ስለዚህ ደብተር መያዝ ይጠቅማል። ደም የታየበት ቀን 1 ይባላል። በየማታው ለሆድ መነፋት፣ ለጡት ሕመም፣ ለንዴት፣ ለለቅሶና ለእንቅልፍ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ከጎኑ የቀኑ ነገር በአንድ መስመር ይጻፋል፦ ውሃ ጠፋ፣ ጾም ነበር፣ ከአከራይ ጋር ተጣላሁ። ቢያንስ 2 ዑደት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወሩ ካለቀ በኋላ በትዝታ ሲሞላው ነው፤ ያኔ የሚጻፈው የተሰማን ሳይሆን ይሰማሻል የተባልነው ይሆናል። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ቆጠራውን ያቀልለዋል፦ ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት መስከረም 5 ካየች ቀጣዩ ጥቅምት 3 ነው። ነሐሴ ላይ ግን የጳጉሜን ቀናት እንዳይረሱ።

ነጥቡ ደም ከመምጣቱ በፊት ብቻ ከፍ ብሎ ከመጣ በኋላ የሚወርድ ከሆነ ነገሩ ከዑደቱ ጋር የተያያዘ ነው። ወሩን ሙሉ ከፍ ካለ ሌላ ምክንያት ይፈለግለት፤ ድብርት ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር ሊሆን ይችላል። ንዴቱ ጠብ በነበረባቸው ቀናት ብቻ ከታየ ደግሞ የተናደደችው በጠቡ ነው። “ወሯ ደርሶ ነው” እየተባለ የስንት ሴት እውነተኛ ቅሬታ ሳይሰማ ቀርቷል! ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ስጋቱን ለማቅለል ከቀን 21 ጀምሮ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሳይነካ ይቀመጥ፣ ቦርሳ ውስጥም ሁለት ሞዴስና ትርፍ ሙታንታ ይያዝ። ለቁርጠቱ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ሕመሙ እንደጀመረ ምግብ ተበልቶ ቢወሰድ ይሻላል፤ በየ8 ሰዓቱ ሊደገም ይችላል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባት አትውሰደው፤ በጾም ቀን በባዶ ሆድም አይሆንም። “ስትወልጂ ይተውሻል” ብሎ ማሰናበት ሕክምና አይደለም።

ሥራ የሚያስቀር ወይም ሞትን የሚያስመኝ ከሆነ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። መድኃኒት አለው፤ ሐኪሙም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቀኖቹን ነው።