«ሆዱ ደረቴን እየገፋኝ ነው»

ልጁ የተወለደው በ28 ሳምንቱ ነው፤ 980 ግራም። እናቱ የደም ግፊቷ አልወርድ ብሎ፣ እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዥየም ተሰጥቷት በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ትንፋሹ ከጠበቅነው በላይ ጥሩ ነበር። አየር በግፊት ከሚሰጠው መሣሪያ፣ ከሲፓፕ ወርዶ፣ በትንሽ ኦክስጅን ካንጋሮ ጀምሯል፤ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ተለጥፎ ይተኛል። ወተት በየ3 ሰዓቱ በቲዩብ ጠብ ጠብ እናደርግለታለን።

አምስተኛው ቀን ማታ ተረኛ ነበርኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እናቱ ጠራችኝ።

«ሲስተር፣ ሆዱ ደረቴን እየገፋኝ ነው።»

«ወተት ስለወሰደ ነው እናትዬ።»

«ትናንትም ወስዶ ነበር። ትናንት እንዲህ አላደረገኝም። ደግሞ እስካሁን ካካ አላለም።»

«ያለጊዜያቸው የተወለዱ ይዘገያሉ» አልኳት።

ውሸት አይደለም። ጊዜውን ጨርሶ የተወለደ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ሜኮኒየም፣ ማለትም የመጀመሪያውን ጥቁር ካካ ያወጣል። እንዲህ ያለ ትንሽ ልጅ ግን ቀናት ሊቆይ ይችላል። ጠዋት ራውንድ ላይ የተባለውም ይኸው ነበር። ግን መልሱን ስሰጣት ፎጣውን እንኳ አልገለጥኩም። ሆድ የምንለካበት ሜትር ኪሴ ውስጥ ነበር። የ6 ሰዓቱንም ወተት ሰጠሁት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወተት ከመስጠቴ በፊት በቲዩቡ ስስብ አረንጓዴ መጣ። ሆዱን ለካሁት። ጠዋት ከተጻፈው 3 ሴንቲ ጨምሯል። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ የአንጀቱ ጥቅልል ከላይ ይታያል። ወተቱን አቆምኩ፤ ሆዱ እንዲተነፍስለት ቲዩቡን ከፈትኩና ሬዚደንቱን ቀሰቀስኩ። ግሉኮስ ተሰቀለ፤ አንቲባዮቲክ ተጀመረ።

የሁላችንም ፍርሃት የአንጀት መቁሰል ነበር። ኤክስሬዩ ግን የአንጀት ግድግዳ ውስጥ አየር አላሳየም። የተበሳ ነገርም የለም። የተነፋ አንጀት ብቻ። ሰርጀኑ ሆዱን ለመክፈት ዝግጁ ነበር። ሲኒየሯ ሐኪም ካርዱን ወደ ኋላ ገልጣ የእናትየውን ግፊትና ማግኒዥየሙን አየች። ከእንዲህ ያለች እናት ያለጊዜው የተወለደ ልጅ አንጀቱ ገና ደካማ ነው፤ ሜኮኒየሙ እንደ ማስቲካ ተጣብቆ የትንሹን አንጀት መጨረሻ ሊዘጋው ይችላል። መጀመሪያ ከታች እንሞክር አለች።

የቀጠነ ጋስትሮግራፊን፣ በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ፣ በፊንጢጣ ተሰጠው፤ ሰርጀኑ አጠገቡ ቆሟል። መድኃኒቱ ውሃ ወደ አንጀት ስለሚስብ የደቃቃ ልጅ ሰውነት ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ከግሉኮሱ ዓይናችንን አልነቀልንም። እንዳይበርደውም ተጨነቅን። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ብቻ ወጣ። በማግስቱ ተደገመና ጥቁር አረንጓዴ የሆነ፣ እንደ ገመድ የረዘመ ነገር ወጣ። ዳይፐሩን ይዤ አለቀስኩ።

እናቱን ኮሪደር ላይ አገኘኋት።

«ቀድመሽ ነግረሽኝ ነበር» አልኳት።

«አዎ» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ከሦስት ቀን በኋላ ካንጋሮ ተፈቀደለት። መጀመሪያ ለካሁት፤ ከዚያ ደረቷ ላይ አስተኛሁላት። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች።

«አሁን አይገፋኝም» አለችኝ።

ካርዱ ላይ ሴንቲውን ጻፍኩ። ከሥሩ የእሷን ቃል ጻፍኩ።