93 ስም በአንድ ደብተር

ትናንት ቁልፉን አስረከብኩ። የካውንስል ቢሮ የምንላት ነገር ሚኒ ሚዲያው ክፍል ጥግ ላይ የቆመች አንዲት ቁም ሳጥን ናት፣ ቁልፉም የሷ ነው። ግን ዓመቱን ሙሉ አንገቴ ላይ ስለነበር ስሰጠው ሆዴን ባር ባር አለኝ። ከዛ ደግሞ ደስ አለኝ። 93 ተማሪ ተመርቋል፣ መጽሔቱ ታትሟል፣ ከለር ዴይም ያለ ጠብ አልፏል።

ይሄን የምጽፈው በየትምህርት ቤታችሁ ለሚመጣው ዓመት ካውንስል ልትገቡ ላሰባችሁ ነው። በተለይ ጸሐፊ ለምትሆኑት። ፕሬዝዳንት የምትሆኑትን ሌላ ሰው ይምከራችሁ፣ እኔ የናንተን ሥራ አላውቀውም። የኛ ፕሬዝዳንት ራሱ እስከ ጥር ድረስ አላወቀውም ነበር። (ይሄን ቢያነብ ይስቃል እንጂ አይቀየመኝም።)

ትምህርት ቤታችን ከአየር ጤና አልፎ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የሚያስተዳድሩት ሲስተሮች ናቸው። ካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲባል ተማሪው ሁሉ ካቶሊክ የሚመስለው ሰው አለ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ እኮ በአገሪቱ ያለው ካቶሊክ ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም። እኛ ክፍል ኦርቶዶክሱ ይበዛል፣ ጴንጤው አለ፣ ሙስሊሙ አለ፣ ካቶሊኮቹን በጣት ነው የምንቆጥራቸው። ይሄን ያነሳሁት በኋላ ስለ ኬክ ስለማወራ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ቶሎ ልለፋቸው። ጥቅምት ላይ ተመረጥን። ቅስቀሳ ላይ የሻይ ቤቱን የሳምቡሳ ዋጋ እናስቀንሳለን ብለን ነበር። አልቀነሰም፣ ጨመረ። ኅዳር ላይ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ተማርኩ። «በሰፊው ከተወያየን በኋላ» የሚለውን አባባል ተዉት፣ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ይሠራል የሚለውን ብቻ ጻፉ። የካቲት ላይ ዩኒት ሊደራችን አርፋጆችን እየመዘገባችሁ አምጡልኝ ሲሉን ካውንስሉ ለሁለት ተከፈለ። የኔ አቋም ግልጽ ነበር፣ አሁንም ነው፤ ካውንስል የዘበኛ ረዳት አይደለም። የካቲት ላይ ስሟን ለዩኒት ሊደር የሰጠሽባት ልጅ ግንቦት ላይ ፎቶ አምጪ ስትያት አትሰማሽም።

ከለር ዴይን በተመለከተ ብዙ ተጨቃጨቅን። ሲስተር በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን እንደ ዳዊት ነው የሚደግሙት። ፈተናው ደጃፍ ላይ ቆሞ ምን ጭፈራ ነው አሉ። ግማሽ ቀን ፈቀዱልን። ዩኒፎርም ላይ መፈራረም ግን ተከለከለ፣ ምክንያቱም ሸሚዙ ለሚመጣው ዓመት ልጅ ይሰጣል። አሮጌ ቲሸርት አምጥተን እሱ ላይ ተፈራረምን። እውነቱን ለመናገር ሲስተር ልክ ነበሩ፣ ያኔ ግን አኩርፌ ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

የምረቃ መጽሔት ታውቃላችሁ፤ ጉርድ ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ ላስት ዎርድ። ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩና «እስከ ዓርብ ላኩ» አልኩ። እስከ ዓርብ የላኩት 11 ልጆች ናቸው። አራቱ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ አንዷ «ቤቢ» ብላ ላከች። ከሌላው የደረሰኝ ስቲከር ነው። ክፍያው በቴሌብር ስለነበር ስክሪንሾት ይላክልኛል። ሁለት ልጆች አንዱኑ ስክሪንሾት ልከውልኝ ሳላስተውል ለሁለቱም «ከፍለዋል» ብዬ ምልክት አደረግኩ። የጎደለውን 450 ብር እናቴን ለምኜ ሞላሁት። እስካሁን ከፍላልኝ እንደሆነ ታነሳብኛለች። ገንዘብ በእጃችሁ አትያዙ፣ በስልካችሁም አትያዙ። ሒሳብ ክፍል የሚባል ቢሮ አለ፣ ሥራው ነው።

ግሩፕ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ይሆናል። ከሰው ነገር ለመሰብሰብ ግን አይሆንም፣ ሁሉም ሌላው ሲልክ እልካለሁ እያለ ይጠብቃል። ይሄን የምለው ሦስት ሳምንት አቃጥዬ ነው።

እንደምንም እየለመንኩም እየተቆጣሁም ሰበሰብኩ። በእንግሊዝኛ ፊደል የመጣውን ራሴ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ኤክሴል ላይ ጻፍኩ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። በእንግሊዝኛ የተጻፈልኝ ጸጋ በጸሎቱ ጸ ይሁን በፀሐዩ ፀ በምን አውቃለሁ? ደስ ባለኝ ጻፍኩት። ከዛ ዝርዝሩን በፊደል ተራ አስደረደርኩት።

ኤክሴል ሀ፣ ሐ እና ኀ እኛ ጆሮ ላይ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። ለሱ ሃሌታው ሀ መጀመሪያ ነው፣ ሐመሩ ሐ ከለ በኋላ ይመጣል፣ ብዙኃኑ ኀ ደግሞ ቸን አልፎ ከነ በፊት ይገባል። አልፋው አ እና ዓይኑ ዐም እንደዛው በየፊናቸው ናቸው። ስለዚህ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ሐናዎች ተለያዩ። ሃና ብላ የጻፈችው ከላይ ሆነች፣ ሐና ያለችው ከነሊዲያና ከነልዑል በታች ወረደች። ኅሊና ቴዎድሮስን አልፋ ናሆም አጠገብ ተገኘች። አለማየሁና ዓለማየሁን ያገናኛቸው አልተገኘም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ሬከርድ ቢሮው የራሱ ዝርዝር አለው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ፣ ሰርተፍኬቱም የተደረደረው በሱ ነው። እዛ አቤል አንደኛ ነው። የኔ ወረቀት ላይ አንደኛዋ ሃና ናት። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ፎቶዎቹን በደረሱት ቅደም ተከተል ነው የደረደራቸው። ለአንድ ክፍል ሦስት ዝርዝር።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ፣ የመጀመሪያውን ልምምድ አደረግን። ስም የምታነበው ልጅ የኔን ወረቀት ይዛለች። ሲስተር ከሬከርድ ቢሮ የመጣውን ሰርተፍኬት እንደተደረደረ ይዘዋል። ሃና ተጠራች፣ ወጣች፣ እጅ ነሳች፣ የአቤልን ሰርተፍኬት ተቀብላ ተመለሰች። ቀጥሎ የተጠራውም የሌላ ሰው ተቀበለ። አምስተኛው ላይ ስንደርስ ነው አንዱ ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ «እኔ መቼ ነው ብሩክታዊት የሆንኩት?» ያለው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በቃ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ሲስተር አላባበሉኝም። «ነይ እስቲ ልጄ» ብለው ቢሮ ወሰዱኝና ከመደርደሪያው ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ አወረዱ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ጀርባው በጨርቅ ተለጥፏል። የድሮ ተማሪዎች መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ስም ፊት ቁጥር አለ። አንዳንዱ ስም በቀይ ተሰርዞ ከላዩ ሌላ ተጽፏል፣ የወላጅ ፊርማም አለበት። ቁጥሩ ግን አልተነካም። «ስም ይስተካከላል፣ ቁጥር አንዴ ከሰጠሽ በኋላ እጅሽን አንሺ» አሉኝ። ከዛ ሻይ አስመጡልኝ።

ያን ቀን በሩ ፊት ካለው ሱቅ ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁ። ከ1 እስከ 92 ቁጥር ሞላሁበት፣ ምክንያቱም ኤክሴሌ ላይ ያሉት 92 ናቸው። በማግስቱ ናቹራልም ሶሻልም ክፍል ገብቼ ዴስክ ለዴስክ ዞርኩ። እያንዳንዱ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ በራሱ እጅ ይጽፋል፣ ለፈተና የተመዘገበበትን ራሱን። አጠገቡ ይፈርማል። ተራው በፊደል አይደለም፣ ደብተሩ በደረሰበት ነው። ሁለቱ ሐናዎች 17 እና 18 ሆኑ፣ ተቃቅፈው ጮሁ።

ከዛ በኋላ ሁሉ ነገር በቁጥር ሆነ። ሰርተፍኬቱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ቁጥር፣ ወንበሩ ጀርባ ላይ በጠመኔ ቁጥር፣ አንባቢዋ ወረቀት ላይ ቁጥር። ይሄን ሁሉ ኤክሴል ላይም መሥራት ይቻላል የምትሉ አላችሁ፣ ወንድሜም ይሄንኑ ብሎኛል። ይቻላል። ግን ኤክሴል ላይ ያለው ስም እኔ የጻፍኩት ነው፣ ስህተቱም የኔ ነው። ደብተሩ ላይ ያለው የባለቤቱ እጅ ነው። አንዱ ስሜን አሳሳታችሁ ብሎ ሲመጣ ገጹን ገለጥኩለት። የገዛ አያቱን ስም አንድ ፊደል ገድፏል። ዝም ብሎ አረመና ሄደ።

ደብተሩ ሶሻል ክፍል የኋላ ወንበር ሲደርስ ቁጥሩ አለቀ። እዛ የተቀመጠው ልጅ ምንም ሳይለኝ ራሱ 93 ብሎ ጨመረና ስሙን ጻፈ።

ቆሜ ቀረሁ። አውቀዋለሁ እኮ። ዘንድሮ ነው የመጣው፣ ብዙ አያወራም፣ ከዓለም ገና ወዲያ ነው የሚመላለሰው። ስማርት ስልክ ስለሌለው ግሩፑ ውስጥ አልነበረም፣ ግሩፑ ውስጥ ያልነበረ ሰው ደግሞ ኤክሴሌ ውስጥ የለም። ሬከርድ ቢሮው ከመጀመሪያው 93 ነበር የሚለው፣ እኔ አንድም ቀን አላመሳከርኩም። ለምን አልነገርከኝም ስለው «የከፈሉት ብቻ መስሎኝ» አለኝ። ክፍያው ለመጽሔቱ ቅጂ እንጂ እሱ ላይ ለመውጣት አልነበረም። ይሄን ያስታወቅኩት ግን ግሩፑ ላይ ብቻ ነው። ማተሚያ ቤት ስደውል መጽሔቱ ታትሞ እየተጠረዘ ነበር።

ዴስክ ለዴስክ የሚዞር ደብተር በግንቦት ይዤ ብሆን ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር። ሌላውን ምክሬን ሁሉ ብትረሱት ይቺን ያዙልኝ።

የሱን ገጽ ለብቻ ኮፒ ቤት አሳተምን። ላስት ዎርድ ስጠን ብለን ስንጠይቀው ትንሽ አሰበና «ሃይገር ጠብቆ የተማረ ሰው ዩኒቨርሲቲ አይከብደውም» ብሎ ጻፈ። ከመጽሔቱ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። የሌሎቻችን ግማሹ «ሁሉም ያልፋል» ነው፣ የኔንም ጨምሮ። ዓርብ ማታ አምስት ሆነን 120 ቅጂ ላይ በኮላ ስንለጥፍ አመሸን። ጣቶቼ እስከ እሑድ ይጣበቁ ነበር።

ኬኩን ልርሳው ነበር። የምረቃው ቀን ቅዳሜ ሰኔ 14 ነው፣ የሐዋርያት ጾም ገብቷል። የወላጅ ኮሚቴው ክሬም ኬክ ሊያዝ ሲል አንዲት እናት «ማን ሊበላው ነው?» አሉና አዳኑን። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ለውዝና የጾም ኬክ ሆነ። ያልቀመሰ ሰው አላየሁም። ሰኔ ላይ ድግስ ያላችሁ ከክርክር በፊት ካላንደር እዩ።

ፕሮግራሙ 3 ሰዓት ይጀምራል ተባለ፣ 4 ሰዓት ከ20 ጀመረ። እንግዳው 5 ደቂቃ ብለናቸው 25 ደቂቃ ተናገሩ። ለዚህ መድኃኒት አላገኘሁም፣ ካገኛችሁ ንገሩኝ። ስም መጥራት ተጀምሮ ወደ 40 ገደማ ስንደርስ ዝናቡ መጣ። የሰኔ ዝናብ በቆርቆሮ አዳራሽ ላይ ሲወርድ ማይክ ምንም አይሠራም። አንባቢዋ አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ አይሰማም። ዞራ አየችኝ፣ ቀጥይ አልኳት በእጄ። ተማሪው ሁሉ ቁጥሩን ያውቃል፣ አጠገቡ ያለው ሲነሳ እሱም ይነሳል። ወላጅ ስም ባይሰማም ልጁን ሲያይ እልል ይላል። 41፣ 42፣ 43 እያልኩ ሰርተፍኬቶቹን ጀርባቸውን እያየሁ ለሲስተር አቀብላለሁ። አንድም አልተሳሳተም። ዝናቡ ያቆመው 90ዎቹ ውስጥ ስንገባ ነው። 93 ሲጠራ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ከነአያቱ በደንብ ተሰማ።

ደብተሩን ከቁልፉ ጋር ለአዲሷ ጸሐፊ ሰጥቻታለሁ። ገና 11ኛን መጨረሷ ነው። ገልጣ አየችውና «ይሄን ኤክሴል ላይ ባደርገውስ?» አለችኝ። ምንም አላልኳትም፣ ራሷ ትየው።

ኮላው ግን ርካሽ ነበር። ዛሬ ጠዋት አንዷ መጽሔቱን ስትከፍት ገጹ ወድቆባት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «ይሄ ከየት ገጽ ነው የወጣው?» ትላለች። ገጽ የለውም፣ 93 ነው አልኳት።