የግቢ ሳር በመስከረም አይመዘንም

መስከረም ላይ ሱሉልታ ውስጥ አረንጓዴ ያልሆነ ግቢ የለም። የተተከለውም፣ ራሱ የበቀለውም፣ አጥር ሥር የተረሳውም ሁሉ ለምለም ነው። ስለዚህ በዚህ ወር እንግዳ መጥቶ «ሳርህ እንዴት ያምራል!» ቢለኝ ደስ ይለኛል፣ ግን እንደ ማስረጃ አልወስደውም። ያሳመረው ክረምቱ ነው። የሳር ጤንነት የሚታወቀው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ የቱ ጋ ሥር እንደሰደደና የቱ ጋ በዝናብ ብቻ ቆሞ እንደነበር ቁልጭ ብሎ ይለያል።

ይህን የምጽፈው ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው ቤት ለሠሩ ሰዎች ነው፤ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ገላን። ሳር ይተከላል፣ አንድ ክረምት ያምራል፣ ጥር ላይ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ «ሞተ» ይባልና ግቢው በሙሉ ንጣፍ ይለብሳል። በጣም ያሳዝነኛል፤ አብዛኛው አልሞተም ነበርና።

ጥቅምት ላይ ረጅም ካቻቢቴ ይዤ እወጣለሁ። ሳሩ መሃል ቀጥ አድርጌ በእጄ እገፋዋለሁ። እስከ እጀታው ከገባ ጥሩ ነው። ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቀጥ ካለ ግን ጥፋቱ የሳሩ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው ነገር ነው። በእኛ አካባቢ ያ ነገር ብዙ ጊዜ ሰሌክት፣ ማለትም ለመሠረት መሙያ የሚመጣው ጠጠር የበዛበት አፈር ነው። ዋልካ አፈር ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ግንበኞች ይህን ስለሚያውቁ ዋልካውን ቆርጠው ያወጡና ሰሌክት ሞልተው በሮለር ይጠቀጥቁታል። ለቤቱ መሠረት ትክክል ነው። ችግሩ ሰሌክቱ ከቤቱ አልፎ ግቢው ላይም ይቀራል፣ በላዩ ስስ አፈር ይበተንበታል፣ ከዚያ ሳር ይተከልበታል። ሥሩ መሄጃ የለውም። ይህን ማዳበሪያ አይፈታውም። ቢያንስ አንድ ስንዝር ተኩል ቆፍሮ፣ ሰሌክቱን አውጥቶ፣ አፈርና በደንብ የተብላላ ፍግ መመለስ ነው። አድካሚ ሥራ ነው፣ ግን አንዴ ከተሠራ ተሠራ።

ካቻቢቴው እሺ ብሎ ገብቶ ሳሩ ግን ከሳሳ፣ በእጃችሁ ጨብጣችሁ ሳብ አድርጉት። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተነሳ ሥሩን ትል በልቶታል፤ ገለጥ ስታደርጉት ጥምዝ ያለ ነጭ ትል ታገኛላችሁ። የአፈር ቁልል ካያችሁ ደግሞ ፍልፈል ነው። ቁልሉን በትኑት፣ ሳሩ ከሥሩ ታፍኖ እንዳይሞት።

ዋልካ ላይ ለተከላችሁ ሌላው ነገር የውሃ መውረጃ ነው። ዋልካ አንዴ ከጠገበ ውሃ አያሳልፍም፣ ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ሳሩ ውሃ ውስጥ ይቆማል፣ ሥሩም አየር ያጣል። በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ያህል ከቤቱ ወደ ቦዩ ዘቅዘቅ ካለ ይበቃል። አሸዋ ብቻ መድፋት አይሠራም፤ ዋልካና ጥቂት አሸዋ ሲደባለቁ የባሰ ይጠነክራሉ። ዋልካን የሚያላላው ኮምፖስት ነው፣ በየዓመቱ በስሱ።

አሁን ወደ ብርዱ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን በሙሉ ወደ ላይ ይለቃል፣ ቀዝቃዛው አየርም ወደ ዝቅታው ይወርድና ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያን ሰዓት አትርገጡት። የቀዘቀዘ ቅጠል ሲረገጥ ይሰበራል፣ የእግራችሁ ዱካም ጠቁሮ ለሳምንታት ይቀራል። ልጆቹን ፀሐይ እስኪወጣ ያዟቸው።

ውርጭ የመታው ኪኩዩ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል። ኪኩዩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነው፣ የእኛው ነው፣ ብርዱን ያውቀዋል። ቅጠሉ ይቃጠላል እንጂ መሬት ውስጥ ያለው ግንዱ ይተኛል። ጥር ላይ «ሞተ ወይስ አልሞተም?» ካላችሁ አንድ ግንድ ቆፍራችሁ አውጡና በጥፍራችሁ ፋቁት። ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ። ቡናማ ሆኖ ቀጭ ካለ ነው የሞተው። ወደ ዱከም በኩል ዝቅ ላላችሁ፣ ሙቀት የሚወድና ድርቅ የሚችል ሰርዶ ይሻላችኋል።

በበጋ አረንጓዴ ላድርገው ብሎ መታገልን አልመክርም። ሒሳቡን እዩት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ሳሩ ለምለም ሆኖ እንዲቆይ በሳምንት 25 ሚሊ ያህል ብንሰጠው፣ 60 ካሬ ግቢ 1,500 ሊትር ይፈልጋል፣ ማለትም ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አንድ ተኩል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ልክ አይመስለኝም። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ ረጋ ብሎ ጠልቆ እንዲገባ ማጠጣት ግንዱን በሕይወት ያቆየዋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ግን ሥሩን ወደ ላይ ያስለምደዋል፣ ፀሐይ ስትበረታም መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው። ልብስ ያለቀለቃችሁበትን ውሃ መስጠት ይቻላል፣ በረኪና የነካውን አይደለም።

ኅዳር 12 ሲታጠን ያጨዳችሁትን ሳር ቆሻሻው ላይ ጨምራችሁ አታቃጥሉ። ወይ ለኮምፖስት፣ ወይ ላም ላለው ጎረቤት። እኔ ጋ ክረምቱን ሙሉ ጎረቤቴ እማማ ናቸው የሚወስዱት። «ልጄ፣ አሳጥረህ አትጨደው፣ ላሟም እኮ ትፈልገዋለች» ይሉኛል። ለላማቸው ብለው ቢሉትም ለሳሩም ልክ ናቸው። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ መቁረጥ ሥሩን ያዳክመዋል። ኪኩዩን ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ላይ ተውት፣ ውርጭ ሲቃረብ ደግሞ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ሐምሌ ላይ በየሳምንቱ ማጨድ ይጠይቃል፣ መሬቱ ጭቃ ከሆነ ግን ማሽኑን አታስገቡ። ማጭድ ይበልጣል።

በልግ ላይ፣ የካቲትና መጋቢት፣ ትንሽ ዝናብ ሲመጣ ብዙ ሰው ይቸኩልና ይተክላል። የበልግ ዝናብ አይታመንም፣ ይመጣና ይጠፋል። ያኔ አረም ንቀሉ፤ ወርቴቡን ከነሥሩ አውጡት። ባለ ሦስት ቅጠሉን ማገጥ ግን ተዉት፣ አፈሩን በናይትሮጅን ያበለጽጋል።

መትከያው ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ጥሩ አድርጎ ከያዘ በኋላ፣ ሐምሌ መሬቱን ከማጥለቅለቁ በፊት። ከጤነኛው ክፍል ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ግንድ ቁረጡ፣ አንጓው አፈር ውስጥ እንዲገባ አስተኙትና በእግራችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ሥር ከያዘ በኋላ ዩሪያ በ1 ካሬ 10 ግራም ገደማ ይበቃዋል፣ ቅጠሉ እርጥብ ሳይሆን፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አትበትኑ፤ ውሃ የጠገበ ዋልካ ላይ ግማሹ ታጥቦ፣ ግማሹ ወደ አየር ተኖ ይጠፋል። ከመስከረም በኋላም አትስጡ፣ ለስላሳ ቅጠል አብቅሎ ውርጭ ይጠብቀዋል።