የእትዬ ግራሞፎን፦ ማኖቬላ የለው፣ ጭንቅላት የለው

የተገኘው ድሬዳዋ፣ አክስቴ ቤት፣ አልጋ ሥር ነው። አክስቴን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ጎትተው ሲያወጡት ሻንጣ ነበር የመሰለኝ። ክዳኑን ስከፍት ጨርቅ የለበሰ ክብ ሳህን አየሁ፤ ጨርቁን ብል በልቶታል። «የአባባ ሸክላ ማጫወቻ ነው። ከፈለግህ ውሰደው፤ እንደሁ አይሠራም» አሉኝ። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከማን እንደገዙት እትዬም አያውቁም። አብረውት ሦስት ሸክላዎች በጋዜጣ ተጠቅልለው ነበር።

አዲስ አበባ ይዤው ገባሁ። ያን ቀን ማታ የሠራሁት ትክክለኛ ነገር ምንም አለመንካቴ ነው። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር። በኋላ ሞተሩ ሲፈታ የትኛው ቪቴ ከየት እንደወጣ የነገሩኝ እነዚያ ፎቶዎች ናቸው። የጎደለውንም ጻፍኩ። ማኖቬላ፣ ማለትም ሞተሩን የሚጠመዝዘው እጀታ፣ የለም። መርፌ የሚሰካበት ክብ ጭንቅላት የለም፤ ክንዱ ባዶውን ቆሟል። ሞተሩ ላይ ፍጥነት ከሚቆጣጠሩት ሦስት ቀጫጭን ሞላዎች አንዱ ተሰብሯል።

ክዳኑ ላይ ግራሞፎን የሚያዳምጠው ውሻ አለ፤ ሂስ ማስተርስ ቮይስ የተባለው የግራሞፎን ንግድ ስም ምልክት። ሥዕሉን የሣለው ፍራንሲስ ባሮድ ነው። ውሻው መጀመሪያ የሚያዳምጠው በሸክላ ፈንታ ሲሊንደር የሚያጫውት መሣሪያ ነበር። ሠዓሊው በ1899 እ.ኤ.አ. እሱን አጥፍቶ ግራሞፎን ሣለበት። ግን ውሻ ስላየሁ ብቻ አላመንኩም፤ ተለጣፊ ማንም ያሳትማል። ማንነቱን የነገረኝ አንዲት ትንሽ የብረት ታርጋ ናት። 102 ይላል። ይህ ሞዴል በ1931 እ.ኤ.አ. 101 የሚባለውን ተክቶ የወጣ፣ ከዚያም ከ20 ዓመት በላይ የተመረተ ነው። ድምፁን የሚያጎላው ቀንድ ሳጥኑ ውስጥ ታጥፎ የተደበቀ ስለሆነ ውጭ የሚታይ ነገር የለውም። ድምፁ ከኋላ ወጥቶ በተከፈተው ክዳን ላይ ነጥሮ ይመጣል።

ዋጋውን ለማወቅ ስወጣ ነው ጉድ ያየሁት። አንድ የቅርሳ ቅርስ ሱቅ ውስጥ የናስ ቀንድ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ግራሞፎን አሳዩኝ። ውሻውም አለ። የተጠየቀበት ዋጋ ወንበር ያስይዛል። ልቤ ተሰረቀ፣ አልዋሽም። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ሳጥኑ አዲስ እንጨት ነው፣ ቀለም ተቀብቶ ያረጀ እንዲመስል የተደረገ። ቀንዱ እንደ ቆርቆሮ ስስ ነው። እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ ህንድ ውስጥ የሚገጣጠሙ ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ያለው ሞተር ብዙ ጊዜ እንደ እኔው ካለ የሻንጣ ግራሞፎን የተነቀለ ነው። ማለትም ለዚያ አብረቅራቂ ሲባል አንድ እውነተኛ ግራሞፎን ታርዷል።

የእኔው ስንት ያወጣል? አንድ ደላላ «አንቲክ ነው፣ ሀብታም ሆነሃል» አለኝ። ሌላው «ብረቱ ይመዘን» አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ኢንተርኔት ላይ ሰው የሚጠራውን ዋጋ ትቼ በእርግጥ የተሸጠበትን ብቻ ማየት ጀመርኩ። ጥቁር 102 በብዛት ስለተመረተ ብርቅ አይደለም። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው የተሻለ ያወጣሉ። ዕቃ የጎደለው ጥቁር ደግሞ መለዋወጫው ሲደመር ከሙሉው ሊበልጥ ይችላል። የእኔው እንደዚያ ሆነ። እንደ ንግድ ኪሳራ ነው። እኔ ግን የምሸጠው ነገር አልነበረኝም።

ሥራው የተጀመረው ከዋናው ሞላ ነው። በሲሊንደር ውስጥ የተጠቀለለ ረጅም የብረት ጥብጣብ ነው። ተጠምዝዞ እንዳለ የከፈተው ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። እኔ አልከፈትኩትም። ፒያሳ አካባቢ ግድግዳ ሰዓት የሚሠሩ አንድ ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። መጀመሪያ ኃይሉን በቀስታ ለቀቁት፣ ከዚያ ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርገው አወጡት። ውስጡ የነበረው ግራሶ ሻማ ሆኗል። በነጭ ጋዝ አጥበው ግራፋይት የተቀላቀለበት አዲስ ግራሶ ቀቡት። «ሞላው ጤነኛ ነው፤ ያነቀው ግራሶው ነው» አሉኝ።

ማኖቬላው ቶርኖ ቤት ተሠራ። ጫፉ ከዘንጉ ጋር የሚያያዝበት መንገድ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ስለዚህ በወሬ አላስረዳሁም፤ ሞተሩን ይዤ ሄጄ ልኩን እዚያው ወሰዱ። ትንንሾቹን ሞላዎች ለንደን ያለው የአጎቴ ልጅ ላከልኝ። አንዱ ብቻ ነው የተሰበረው፣ ግን ሦስቱንም ቀየርን። አንዱ አዲስ፣ ሁለቱ አሮጌ ከሆኑ ሞላዎቹ ላይ የተሰኩት ክብደቶች እኩል አይወጡም፤ ሳህኑ ይንገጫገጫል። በዚያው 5ኤ የሚባለውን ጭንቅላትም ገዝቶ ላከ።

ጭንቅላቱ ሲመጣ ሞቶ ነበር። ውስጡ ያለው ስስ የአሉሚኒየም ቆዳ ደህና ነው። ግን ዙሪያውን የሚይዘው ጎሚኒ (የላስቲክ ቀለበት) ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ቆዳው በነፃነት ካልተንቀጠቀጠ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ለጎሚኒው መርካቶን ዞርኩ። በስተመጨረሻ ያገኘሁት ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ነው፤ የድሮ ብስክሌት ቫልቮላ ላይ የምትገባዋ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ። በልኳ ቆርጬ፣ ጫፍና ጫፏን አጋጥሜ ከፊትና ከኋላ አስገባሁ። ሦስቴ አበላሽቼ በአራተኛው ገባች።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ሸክላዎቹ ቆሽሸዋል። ቤት ውስጥ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ አልኮል አለ። ጥጥ ነክሬ አንዱን ወለወልኩት፤ የሚዳቋ ምልክት ያለበት፣ ባይዳፎን የተባለ አሳታሚ ያወጣው ሸክላ፣ የዓረብኛ ዘፈን። ጥጡ ጥቁር ቡኒ ሆነ። ቆሻሻው እየለቀቀ ነው ብዬ ደስ አለኝና ጠንከር አድርጌ ፈተግኩት። የለቀቀው ቆሻሻ አልነበረም። እነዚህ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ ሸክላዎች ሼላክ ከሚባል የነፍሳት ሙጫ የተሠሩ ናቸው፤ ሼላክን ደግሞ አልኮል ያሟሟዋል። ዘፈኑን ነበር የምጠርገው። አያቴ ስንት ዓመት ያቆዩትን እኔ በአምስት ደቂቃ ጨረስኩት። የቀሩትን ሁለቱን ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ መሃላቸው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳላረጥብ አጠብኳቸው። ደህና ወጡ።

ይህ ወሬ ሲሰማ አንድ ጓደኛዬ የአባቱን የአምሃ ሪከርድስ ሸክላ ይዞ መጣ። «እስቲ ይሄን እንስማበት» አለ። ሳህኑ ላይ ሳያስቀምጠው እጁን ያዝኩት። ያ ቪኒል ነው፤ በ45 ዙር የሚሄድ። የግራሞፎን ጭንቅላትና ክንድ ከመቶ ግራም በላይ ሆኖ በብረት መርፌ ነው የሚጫነው። አንዴ ሲዞር መስመሩን አርሶት ይወጣል። ትንሽ ተቀይሞኝ ሄደ።

ሲያልቅ ድሬዳዋ መልሼ ወሰድኩት። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ማኖቬላውን አዞርኩ፣ አዲስ መርፌ ሰካሁ፣ ክንዱን አወረድኩ። ጭረቱ መጣ፣ ከዚያ ዘፈኑ። እኔ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እትዬ ግን ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ቸኮለሳ» አሉ።

ሸክላው ሥር ቁራጭ ወረቀት አስገብቼ ጫፉ ሲያልፍ ቆጠርኩ። በ20 ሰከንድ 26 ጊዜ መዞር ነበረበት። 29 ዞረ። የፍጥነት ማስተካከያዋን ትንሽ መለስ አደረግኩና እንደገና ቆጠርኩ፤ 26። ዘፋኙ ወፈረ። እትዬ ምንም አላሉም፤ እግራቸው ብቻ መሬቱን መታ መታ ያደርግ ጀመር።

ግራሞፎኑ እዚያው ቀረ። ሸክላው ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት መርፌውን ስለሚሞርደው፣ ለእያንዳንዱ ገጽ አዲስ መርፌ መሰካት አለበት። ይህን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሺ ብለው በየጊዜው ይቀይራሉ። የተጣሉትን መርፌዎች ግን በቡና ቆርቆሮ እያጠራቀሙ ነው። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ይቀመጥ» አሉኝ።