የአባትህ ጡረታስ ጨመረ?

ቨርጂኒያ ውስጥ ዉድብሪጅ ላይ ቤት የገዛነው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ቅድመ ክፍያ እንኳ አልጠየቁንም። ብድሩን ያስጨረሰልን ያገራችን ልጅ ነበር፤ እያንዳንዱን ወረቀት በአማርኛ እያስረዳ አስፈረመን። «ወለዱ ለሁለት ዓመት ዝቅ ያለ ነው፤ ከመጨመሩ በፊት በሌላ ብድር ትቀይሩታላችሁ፤ የቤት ዋጋ እንደሆነ መጨመሩ አይቀርም» አለን። እኔ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ፎቶውን ጎንደር ላክሁ፤ እማየ ለአዘዞ ጎረቤት ሁሉ አሳየች።

ሁለት ዓመቱ ሲሞላ የወር ክፍያው ከ2,100 ዶላር ወደ 2,900 ዘለለ። ብድር ለመቀየር ብንጠይቅ የቤቱ ዋጋ ከዕዳችን በታች ወርዷል፤ ማን ያበድረናል? በዚያው ሰሞን ሌማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ ወደቀ፣ ሆቴሉ እንግዳ አጣ፣ የባለቤቴ የሥራ ሰዓት ተቀነሰ። ሰፈራችን ውስጥ እንደኛ የፈረመ ብዙ ነበርና ሰው የለቀቀው ቤት በዛ፤ ሣሩ የሚያጭደው አጥቶ ጉልበት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2009 አበዳሪው ቤቱን እንደሚወስድ የሚገልጸው ወረቀት የእኛም በር ላይ ተለጠፈ። ልጆቻችንን ይዘን ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ገባን። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፤ ያንን ቤት አተርፋለሁ ብዬ ለእማየ በየወሩ የምልከውን 200 ዶላር ወደ 100 አውርጄ ነበር። ቤቱም አልተረፈ።

በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ ለአባቴ ሙት ዓመት ጎንደር ገባሁ። ስለ ቤቱ ትንፍሽ አላልኩም። የያዝኳትን ጥቂት ዶላር መንዝሬ እማየ የጀመረቻትን የኋላ ክፍል ልጨርስላት ነበር ሐሳቤ። ነሐሴ 26 ቀን ፒያሳ ባንክ ስገባ፣ 13 ብር ከምናምን የነበረው ዶላር 16 ብር ከ35 ሳንቲም ሆኗል። ብር በአንድ ቀን እንዲህ ሲወርድ እኔ እሰይ አልኩ። ከዓመታት በኋላ ቀን የወጣልኝ መሰለኝ።

በዝናብ እየሮጥኩ ገባሁና «እማየ፣ ዶላር ጨመረ!» አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ብላ፣ «የአባትህ ጡረታስ ጨመረ?» አለችኝ።

ስትጠይቀኝ የምሯን ነው፤ ሁሉም አብሮ የሚጨምር መስሏት። እሷ የምትኖረው በብር ነው። ዘይቱ ከውጭ ይመጣል፣ ነዳጁ ከውጭ ይመጣል፣ ጤፉንም ወደ ከተማ የሚያመጣው መኪና ነው። ጡረታዋ ግን እዚያው ቆሟል። ለዘመን መለወጫ ዘይት ልትገዛ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ባዶ ጀሪካን ይዛ ተመለሰች፤ የለም አሏት። እኔም ፌሮ ልገዛ ብሄድ ነጋዴው «ያ ያለፈው ሰሞን ዋጋ ነው፤ አሁን ጨምሯል» አለኝ። አተረፍኩ ያልኩት ብር እዚያው ሱቅ በር ላይ አለቀ።

ማታ ቡና ተፈልቶ ስለ ዉድብሪጁ ቤት ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ልጆቹ የት ይተኛሉ?» ብላ ነው። ቆይታ ደግሞ፣ «ገንዘቡ ሲያንስ የረሳኸኝ መስሎኝ ነበር እኮ ልጀ» አለች። ደብቄያት ባልኖርኩ ኖሮ ያን ሁሉ ወር እንዲህ እያሰበች አታድርም ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ወደ 74 በአንድ ቀን ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ጓደኞቼ «አሁን ነው መላክ!» እያሉ ደወሉልኝ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም አንድ ቀን እሰይ ብያለሁ። እኔ ግን መጀመሪያ አዘዞ ደወልኩ። «እማየ፣ ጤፍ ኩንታሉ ስንት ገባ?» አልኳት። እስክትነግረኝ ጠብቄ ስንት እንደምልክ ወሰንኩ።