አንድ ቀን በስቶን ታውን፦ ከጓደኞቼ ጋር በዛንዚባር አሮጌ ከተማ

ዛንዚባር ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ነጩ አሸዋና ወደ ሰማያዊው ባሕር ነው። እኔና ጓደኞቼም የሄድነው ለዚያው ነበር። ሆኖም ከባሕር ዳርቻው ቆይታችን አንዱን ቀን እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ለተመዘገበችው ለስቶን ታውን አዋልነው፤ ከጉዟችን ሁሉ ከአእምሮዬ የማይጠፋውም ይህ ቀን ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ስለሆነ፣ አስጎብኚያችን «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ» ሲለን ስድስት ሰዓት መደመርም ሆነ መቀነስ አላስፈለገንም፤ በባዕድ አገር ይህን ማግኘት ደስ ይላል።

ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠሩት ቤቶች እርስ በርስ እጅግ የተጠጋጉ በመሆናቸው፣ በመካከላቸው የሚጠማዘዙት መተላለፊያዎች በአብዛኛው መኪና አያስገቡም፤ በዚያው ልክ ግን ቀኑን ሙሉ ጥላ አይለያቸውም። በየደጁ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በተሠራው፣ ባራዛ በሚሉት መደብ ላይ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። ከሁሉ በላይ ዓይናችንን የሳቡት በሮቹ ነበሩ። አስጎብኚያችን እንዳስረዳን፣ ከላይ ቀጥ ያለ መቃን ያላቸው የዓረቦች፣ ቅስት ያላቸው ደግሞ የሕንዶች አሠራር ናቸው። በአንዳንዶቹ ላይ የተደረደሩት ሹል የነሐስ ጉጦች በሕንድ አገር ዝሆን በሩን ገፍቶ እንዳይሰብር ይደረጉ እንደነበር ይነገራል፤ ዝሆን በሌለባት በዛንዚባር ግን የባለቤቱ ሀብት ማሳያ ሆነዋል። በመቃኑ ዙሪያ የተቀረጸውን የሰንሰለት ሐረግ በጣቴ እየተከተልኩ ስመለከት፣ እያንዳንዱ ቀለበት ከሚቀጥለው ጋር የተያያዘበት ጥንቃቄ አስደነቀኝ።

ያ ሁሉ ሀብት ከየት እንደመጣ የተረዳነው ወደ አንግሊካን ካቴድራል ስንደርስ ነው። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ መቀመጫውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር ካዛወረ በኋላ ደሴቲቱ የቅርንፉድ፣ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ንግድ ማዕከል ሆና ነበር። በእንግሊዝ ግፊት ልጁ ሱልጣን ባርጋሽ እ.ኤ.አ. በ1873 የባሪያ ገበያውን ሲዘጋ፣ ጳጳሱ ኤድዋርድ ስቲር በዚያው ቦታ ላይ ካቴድራሉን ማሠራት ጀመረ። በመሠዊያው ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ያለው ነጭ ክብ እብነ በረድ፣ ባሪያዎች ታስረው ይገረፉበት የነበረው ዛፍ የቆመበት ቦታ መሆኑ ተነገረን። ከጓደኞቼ መካከል እስከዚያ ድረስ ፎቶ ማንሳት ያላቋረጠችው ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በአጠገቡ ባለው ሕንፃ ሥር ለሽያጭ የሚጠብቁ ሰዎች ይታጎሩባቸው እንደነበር የሚነገርላቸው ክፍሎች አሉ። ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀና ብሎ መቆም አይቻልም፤ ብርሃንና አየር የሚገባው በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ከውጭ፣ ስዊድናዊቷ ቀራፂ ክላራ ሶርናስ እ.ኤ.አ. በ1998 የሠራችው መታሰቢያ በጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ አምስት ሰዎችን ያሳያል። ጠዋት በበሮቹ ላይ ያደነቅሁት የሰንሰለት ቅርጽ ወዲያው ትዝ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ በሮቹን በዚያው ዓይን ማየት አልቻልኩም። ስቶን ታውንን ለማየት የሚሄድ ሁሉ ይህን ቦታ በችኮላ እንዳያልፈው አጥብቄ እመክራለሁ።

በባሕሩ ፊት ለፊት የቆመውን፣ ባርጋሽ እ.ኤ.አ. በ1883 ያሠራውን «የድንቅ ነገሮች ቤት» የተመለከትነው ከውጭ ነበር፤ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ፈርሷል። ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወደ ቻንጉ ደሴት ተሻገርን። ደሴቱ «የእስር ቤት ደሴት» ቢባልም፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የተሠራው እስር ቤት የታሰበለትን አገልግሎት ሳይሰጥ የሕሙማን ማቆያ ሆኗል። የጎብኚው ሁሉ ፍላጎት ግን ግዙፎቹ የአልዳብራ ኤሊዎች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጡ ናቸው። አንዱ ቅጠል ስሰጠው የተሸበሸበ አንገቱን ቀስ ብሎ ዘርግቶ ከእጄ ላይ ወሰደ፤ ዕድሜው በቀለም የተጻፈበትን የጀርባ ቅርፊቱን ስነካው እንደ ደረቅ እንጨት ሻካራ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በፎሮዳኒ መናፈሻ የምግብ ሻጮች መብራታቸውን አብርተው የተጠበሰ ዓሣና ኦክቶፐስ ዘርግተው ነበር፤ ወጣቶችም ከግንቡ ላይ ወደ ባሕሩ እየዘለሉ ይዋኙ ነበር። ዋጋውን በታንዛኒያ ሽልንግ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ዝንጅብልና ሎሚ የተጨመረበትን የሸንኮራ ጭማቂ እየጠጣን ስለ ማግስቱ ተመካከርን። በገበያው ከተሸጡት ሰዎች ብዙዎች ስቶን ታውን ባለችበት በዋናው የዛንዚባር ደሴት በኡንጉጃና በጎረቤቷ ደሴት በፔምባ የቅርንፉድ እርሻዎች ላይ እንዲሠሩ መደረጋቸውን፣ ባርነቱ ራሱም በሕግ የተሻረው ገበያው ከተዘጋ ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1897 መሆኑን አስጎብኚያችን ነግሮን ስለነበር፣ ወደ ባሕር ዳርቻው ከመመለሳችን በፊት እርሻዎቹንም ለማየት ተስማማን፤ መኪናውንም እዚያው ሳለን በስልክ አዘዝን።